ሎሚ አያበስልም

ካምሲንግ በሞተ በሦስተኛው ማታ፣
ለቅሶኛው በሰሌን ተቀምጦ በተርታ፣
መነኮሳቱ ጸሎት አድርሰው ሲወጡ፣
ሴቶቹ ከጓዳ ሳህን ይዘው መጡ።
ጥሬ ዓሣ ነበረ፤
ከቺ ወንዝ ወጥቶ በቢላ የደቀቀ፣
በሎሚ የራሰ፣ በቃሪያ የደመቀ፣
ሩዝ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ የተነሰነሰበት፣
ቀይ ጉንዳን እንደ ቅመም ጣል ጣል ያለበት፤
ካምሲንግ ሲወደው፣ ሲመርጠው የኖረ፤
ካምሲንግን ከሳጥን ቆልፎ ያስቀረ።

እኔ የመንደሩ ጤና ጠባቂ ነኝ፣ ደመወዝ የሌለኝ፤
ሰማያዊ ሰደርያ፣ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ያለኝ።
ስሜን ትተው ልጆች «እትዬ ብልቃጥ» ይሉኛል፤
በየደጁ ዞሮ ሰገራ መለመን ዕጣ ወጥቶልኛል።
ሰባ ሁለት ቤት አለ፤ ስልሳ አራቱ ሰጠ፤
ሰባቱ በር ዘጋ፤ አንዱ ግን አላገጠ።
ያ አንዱ ካምሲንግ ነው። ብልቃጤን ትቼ ሄድሁ፤
በማግስቱ ስመጣ፣ ተሞልቶ አገኘሁ፦
የዓሣ ድልህ!
«መርምሪው» አለና ሳቀ፣ «ያስበላል በሩዝ።»
እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያ ሳቅ ዛሬም አለ፣ ጉሮሮዬን ሲይዝ።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» አሉ፤
የካምሲንግን ግን አላወጣም፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፣
ብቅሉም፣ የሩዝ አረቄውም።
ዓሣ አብስሎ የማያውቅ ሰው፣ ሚያዝያ ሲገባ
ዓይኖቹ እንደ ማንጎ ቢጫ ሆነው በሰሉ።

ኮን ኬን ወሰድነው። ሐኪሙ በጣቱ
ጥላ አሳየን፣ ከቧንቧው ላይ፣ ከጉበቱ፤
ቅጠል መሳይ ትሎች፣ ከጥፍር የማይበልጡ፣
ጥሬ ዓሣ ተሳፍረው ከሆዱ የመጡ፣
ዓመት ዓመት ቆጥረው፣ ቤት ሠርተው፣ ወልደው፣
ካንሰርን በእንግድነት ጠርተው፣ አላምደው።
«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ቢባል፣
ዘንዶ ይሻል ነበር፤ ዘንዶ እኮ ይታያል።

አጎት ቡንታ ግን ሩዙን በጣቱ እየጠቀለለ፣
«ልጄ፣ ሎሚው እኮ ያበስለዋል» አለ።
«ሲነጣ አታዪም? አባቴም በልቶታል፤
ደግሞ ክኒንሽ አለ፤ ነገ ይዋጥና ያልቃል።»
«ሎሚ ያነጣል እንጂ አያበስልም» አልሁት።
«ክኒንም ሌባ ያባርራል፤ በር ግን አይዘጋም፤
ነገ ጥሬ ከበላህ፣ ነገም እንግዳ አታጣም።
ሜዳ የተውነውን ዝናብ ወንዝ ያገባል፣
ቀንድ አውጣ ይቀበላል፣ ዓሣ ይረከባል፤
ወንዙ ብድር አይረሳም፤ በሳህን ይከፍላል።»
አልሰማኝም። ድመቷ ከጉልበቱ ሥር ፍርፋሪ ትለቅማለች።

ያኔ የካምሲንግ የልጅ ልጅ፣ ቲን፣ የስድስት ዓመቱ፣
ሩዙን ጠቅልሎ እጁን ዘረጋ፣ እንዳየው ከአያቱ።
ቡአላይ፣ ባለቤቱ፣ ከሳጥኑ አጠገብ ተነሳች።
ቃል አልወጣትም። ሳህኑን ከቡንታ እጅ ወሰደች፤
ሌላውንም፣ ሌላውንም።
ሁሉን ባንድ ድስት ገለበጠች። እሳቱን ቆሰቆሰች፤
የሎሚ ሣር ቆርጣ፣ ውሃ ጨምራ፣
እስኪንተከተክ ቆማ ጠበቀች።
እኛም ጠበቅን። ከድስቱ በቀር የሚናገር የለም።
«ሐዘን ሰው ያበስላል» ይባላል፤ እኔ አላውቅም፤
ያን ማታ ያበሰለው እሳት ነው፤ ሌላ አልጨምርም።
መጀመሪያ ለቡንታ ቀዳችለት።
«ሎሚውን» አለች፣ «አሁን ጨምርበት።»

ቀመሰ። «ጣዕሙ ሞቷል» አለ።
ከዚያ ግን ሳህኑን መልሶ ዘረጋ።
በማግስቱ ጠዋት ከሞተሬ ኮርቻ ላይ
በጋዜጣ የተጠቀለለ ብልቃጥ አገኘሁ፤
ክዳኑን ፈታ አድርጌ አሸተትሁ፤
የዓሣ ድልህ አልነበረም።

እሁድ ከወንዙ ዳር ቢላ መክተፊያ ሲመታ ሰማሁ።
የወንዶች ሳቅ አለ፤ የቡንታ ሳል አለ።
ሞተሬን አጥፍቼ፣ ከቀርከሃው በላይ ሰማዩን አየሁ፤
ጭስ ፈለግሁ።