ሁለት ቁና ገብስ

መሐል ሜዳ ፍርድ ቤት፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ፣
ጸሐፊው ጠየቀኝ ፓስፖርቴን ገልጦ ሲያይ፦
«የኖርዌይ ዜጋ ነሽ፣ ሟች የመንዝ ገበሬ፤
ይኼን የሚያገናኝ ምን ይዘሻል ዛሬ?»

አወጣሁ ከቦርሳ የኤምባሲ ማህተም፤
ሦስት ቋንቋ ያወራል፣
ልጅ አይልም ግን የትም።
ምስክሩ ጋሽ ዘውገ «አላውቃትም» አሉ ምለው፣
«አፍንጫው ግን የሱ ነው፤ የት አባቷ ትጥለው!»

ዳኛዋ ሳቅ አለች፤ ቀጥሎ ሕግ አለች፤
ማሳውን ለአራሹ፣ ለወንድሜ አደለች።

የቤቱን ሩብ ግምት፣ አንድ ያረጀ ባና
በፊርማ ተረክቤ ብርዱ ውስጥ ወጣሁና፣
እትዬ አስካለ በር ላይ እጄን ይዘው አሉኝ፦
«አባትሽ ላይ ከአምና
ሁለት ቁና ገብስ አለኝ።
ዘር ጎድሎት ነው የወሰደው፤ ሞተ መኸር ሳይደርሰው፤
ማንን ልጠይቅ ታዲያ፣ ካንቺ ሌላ ሰው?»

ፓስፖርት አልጠየቁም።
ገበያ ወረድኩኝ፤
ሁለት ቁና አስከምሬ በጀርባ ተሸከምኩኝ።

ጎታቸው ውስጥ ገለበጡት፣ ለኔ እፍኝ ቀንሰው፤
«ያሰግድ ልጅ» አሉኝ፤
«ግቢ እንጂ፣ ብርድ ነው።»