ሆደ ሰፊ

አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጌንት ሆስፒታል፣
ዝናብ መስታወቱን በጣት ይነካካል።
ሁለት ነን በክፍሉ፣ እኔ እና ሂልዳ፤
እሷን እንደ ሌባ፣ በቁልፍ ቀዳዳ፣
ገብተው በአምስት ቦታ፣ ሳይነቃ ጎረቤት፣
ጨጓራዋን አጥበው ወጡላት ከቤት።
እኔ ዘንድ ሲመጡ ግን፣
የልጅነት ቁስሌ፣ የትርፍ አንጀት ጠባሳ፣ ውስጥ ለውስጥ ተጣብቆ፣
ካሜራው ተመልሷል መንገድ ጠይቆ።
ከደረት እስከ እምብርት በሩን በረገዱት፤
ሃያ ሰባት ሽቦ መትተው ዘጉት።

ሂልዳን የነፏት አየር ትከሻዋን ይወጋታል፤
«ፊኛ ነኝ፣ ክር እሰሩልኝ» ትላለች፤ ሳቄ ይመጣል፤
ትራሴን ሆዴ ላይ አቅፌ፣ «አታስቂኝ በማርያም!»
(ሳልም ሲመጣ ትራስ ነው። ማስነጠስማ አይታሰብም።)

በማግስቱ ልጇ ካፖርቷን ይዞ መጣ።
ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች።
ጎንበስ ብላ!
ሆድ ባሰኝ።
ማጭድ ግን ማንም አያውሰኝ፤
ገና ከሆዴ መውጣቱ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ። በሦስተኛው ቀን
ነርሷ ፋሻ ስትፈታ አየሁት ስፌቱን፤
አይከፋም። ጫፉ ላይ ብቻ ቸኩሏል፤
የኔ ደንበኛ ቢያየው «ፍቺው» ይለኛል።

ከአልጋ እስከ በር። ከበር እስከ ሊፍት።
ሾርባ በማንኪያ፣ ሦስት፤ አራተኛው ትዕቢት።
በስምንተኛው ቀን ወደ ቤት ሸኙኝ፤
ስድስት ሳምንት ሙሉ ካውያ ከለከሉኝ።

መጋቢት ላይ ሂልዳ ሱቄ ብቅ አለች፣
ሦስት ሰፋፊ ጉርድ ክንዷ ላይ አንጠልጥላለች።
ሜትሩን ሳዞርባት አስራ አራት ሳንቲም ቀንሳለች።
የኔም አስራ አራት።
መጋረጃውን ሳበች፣ ሸሚዟን ገለጠች፤
አምስት ነጥብ፤ ትንኝ የነከሳት ትመስላለች።
«ያንቺንስ?» አለችኝ። ገልጬ አሳየኋት፤
ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ ዕንባ ቀደማት።
«አንቺስ ምስክር አለሽ። እኔን ማን ያምነኛል?
ግማሽ እንቁላል ፊት ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፣
ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፣
መሥሪያ ቤት ግን ‹ሁለት ቀን ተኝተሽ መጣሽ› ይሉኛል።»

ሆደ ሰፊ ነሽ ሲሉኝ ነው የኖርኩት፤
ሰፊውን ለሰፊ ሰጥቼ አስጠበብኩት፣
የሕፃን ቡጢ አከለ።
የሂልዳ ነገር ግን ገባኝ፤
በየት በኩል እንደገባ እንጃ።

ስፒል በከንፈሬ ይዤ
ጎንበስ አልኩ፣
የጉርዷን ጫፍ ያዝኩ።