ፍቺ

የመወልወያውን ክር ቁጭ ብዬ ስጎነጉን ነው
እትዬ ቺዮ የያዘችኝ፤
ሊፍቱ ቆሞ፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣
ሻርጃ ከመስኮቱ ሥር አቧራ ለብሳ
የሮላ አደባባይ እንኳ ሳይታይ።

እጄን ወደ ኋላ ደበቅሁ።
የበፊቷ ማዳም ብትሆን «ለዚህ ነው የምከፍልሽ?» ባለች።
እሷ ግን ጎንበስ ብላ ጉንጉኑን በጣቷ ቆጠረች፤
ከቁም ሳጥን አንድ የእንጨት በርጩማ አወጣች፣
እንደ ወንፊት ክብ፣ መሐሉ ቀዳዳ፤
ስምንት የሐር ክር፣ በስምንት ድብልብል እንጨት ተጠቅልሎ፣
ከሥር የተንጠለጠለ ከረጢት።
«ኩሚሂሞ» አለች።
«ኩሚሂሞ» አልኩ።
የዚያን ቀን ትምህርት ይኸው ነበር፤ አንድ ቃል በሁለት አፍ።

በመታወቂያዬ ዘሃራ ነኝ፣ ደላላው የሰጠኝ ስም፤
በእናቴ አፍ ዝናሽ፤
በእሷ ምላስ ዚናሹ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የሚረዝም፣
እንደ ተረፈ ክር።

ሹሩባ መቼ ጠፍቶኝ!
አርብ አርብ፣ ከሮላ ጀርባ፣ ስድስት አልጋ በታጨቀበት ክፍል፣
በሠላሳ ድርሃም አንድ ራስ እሠራለሁ፤
ሸምሲያ «ኡፍ! ዓይኔን ጎተትሽው እኮ!» ስትል
ጭንቅላቷን በጉልበቴ ይዤ
ጠበቅ፣ አሁንም ጠበቅ፤
ካልጠበቀ ምኑን ሹሩባ።

ሐሩንም እንዲያ ሳብኩት።
እጄን መታ አደረገችኝ፣ ዝንብ እንዳረፈ ያህል።
«አትሳቢ» አለች፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ የቀረውን በጣቷ፤
«አንቺ አንስተሽ አስቀምጪ።
የሚስበው ክብደቱ ነው።»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብዬ ተረትኩላት፤
ስልኩ ተረጎመላት፤ ረጅም ጊዜ አሰበች።
«እኛ የምናስርበት» አለች «የወገብ መቀነት ነው።
አንበሳ የለንም።»

ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣
ቀኙ ወደ ግራ፣ ሲገናኝ ሲለያይ፣
ቋ ይላል እንጨቱ፣ ቋ ይላል ደግሞ፣
ገመዱ ይወርዳል በቀዳዳው ረዝሞ።

አንድ ቀን ሱቅ ስትወርድ ከረጢቱን ከፈትኩት፤
ሳንቲም፣ ከአል ኻን ዳርቻ የተለቀሙ ሁለት ጠጠሮች፣
የቆመ የወንድ ሰዓት።
መልሼ አሰርኩት።
እሷም የኔን አልጠየቀችኝም፤
የደላላውን ዕዳ፣
በስልክ ብቻ የሚረዝመውን ልጄን፣
በኔ ብር የቆመውን ባለ አርባ ቆርቆሮ ቤት።

ጥጋቡ ደውሎ «ቤቱ ውስጥ ሰው አለ፣ በሰላም እንነጋገር» ያለኝ ማታ
እጄ ሳተ።
አንዱ ክር ያለ ተራው ተሻገረ፤
አይቼዋለሁ። ዝም ብዬ አንድ ስንዝር ጨመርኩበት፣
ከላይ ካማረ ማን ያውቃል ብዬ።

ጠዋት እትዬ ቺዮ ዓይኗን ጨፍና ገመዱን በጣቷ ዳሰሰችው፤
ወረደች፣ ወረደች፣ ቆመች።
«እዚህ።»
ከዚያ ጣቶቿን ወደ ኋላ እየመለሰች፣
ይህን በቋንቋሽ ምን ትይዋለሽ? አለችኝ።
«ፍቺ» አልኳት።
«ፊቺ» አለች ደስ ብሏት፤ «ፊቺ፣ ዚናሹ። እስከዚህ ድረስ ፊቺ።»

ሲላላ የክር፣
ሲጠብቅ የትዳር፣
ደግሞም የሕልም እንደሆነ ቃሉ
አልነገርኳትም። በምን እንግሊዝኛ?

ስፈታ ዋልኩ።
ወጥ ለእሳት ትቼ፣ መስኮቱን ለአቧራው ትቼ፣
ስንዝሯን ከነስህተቷ ወደ ስምንት መለስኳት።
የተፈታ ሐር ቀጥ አይልም ለካ፤
መታጠፉን ይዞ ይቆያል፣ እንደ ቂም አይደለም፣
እንደ ታጠፈ ልብስ ብቻ።
በዚያው ክር ቀጠልኩ፤ ሌላም አልነበረን።

ማታ ለወንድሜ ጻፍኩለት፤
«የቤቱ ካርታ በማን ስም ነው? አጣርተህ ንገረኝ።»
ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። መልስ የለም ገና።

አርብ ዕለት ሸምሲያ ጉልበቴ መሐል ተቀምጣ
እንደ ልማዷ ልትጮህ ጠብቃ ጠብቃ ዞረች፤
«ዛሬ ምን ነካሽ? ምንም አላመመኝም እኮ።»
መስታወቱን ተቀብላ ግራ ቀኝ አየች፣
ዳሰሰችው፣ አፏን አጣመመች፤
«እንዲህ ላልቶ ስንት ቀን ሊቆይልኝ ነው?»

እኔ እንጃ፣ አልኳት። እስቲ እንየው።