ቆጣሪ

ሠላሳ አንድ ዓመት ቆጣሪ አነበብኩ፣
በየሰው ግድግዳ ደርሼ አጎነበስኩ፤
የሰው ፍሪጅ ጮኸ፣ የሰው አምፖል በራ፣
የኔ ዕድሜ ተጻፈ በሰው ኪሎዋት ተራ።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት፣ ለየሻረግ አልኳት፦
«ባሕር ዳር አርጅቼ፣ ባሕር ዳር የለኝም፤
የሰው ጣራ ዝናም ከእንግዲህ አልሰማም።»
እሷ ሹራብ ትሠራ፣ ዓይኗንም ሳታነሣ፣
«ቁንዝላ ርካሽ ነው፤ ደሞም አለ ዓሣ።»

ግንቦት እኩሌታ፣ ከደላላው ከቢያዝን ጋር
ባጃጅ ተኮናትረን ወረድን ወደ ባሕር።
እጁን እንደ ጳጳስ ቢያዝን ዘርግቶ፣
«ይኸው!» አለ፦ ባዶ፣ ጠፍ መሬት ተኝቶ፣
ዳር ላይ አንድ ታንኳ ደንገሉ ተፈቶ፣
ጥቁር አፈር ደርቆ፣ በፀሐይ ተከፍቶ፣
የቀረሶ አጥንት በስንጥቁ ገብቶ።

እኔ ግን የታየኝ ሰማያዊ በረንዳ፣
ከፊቱ ሎሚ፣ ጌሾ፣ ከኋላው ሰፊ ጓዳ፣
በር አጠገብ ደሞ፣
በዓይኔ ትክክል፣
በስሜ የቆመ
የራሴ ቆጣሪ።

ሻጩ አያ ልየው፣ ቁጥብ ተናጋሪ፣
አንድ ዋጋ ጠራ፤ ቀናሽ የለ፣ ጨማሪ።
በገመድ ለካነው፣ ችካል ተከልንበት፣
ውል ጻፍን፣ ሦስት ሰው ጣት ያሳረፈበት፤
አንዱ የባጃጁ ልጅ ነው፣ የመጣንበት።
ቁጠባዬን ሁሉ ጉልበቴ ላይ ቆጠርኩ፣
እንደ ልማዴም ነው፣ ሁለቴ አነበብኩ።

የሻረግ ፈንጠር ብላ፣ የሾላ ግንድ ነክታ፣
ከጉልበቷ እኩል የደረቀ ጭቃ አይታ፣
«ይኼስ መስመር?» አለች።
«ከብት ታክኮት ነው» ሲል ቢያዝን ቀደመ፤
ባሕር ባሕሩን እያየ፣ አያ ልየው ቆመ።

መስከረም ሲጠባ ሚስማር ቋጥሬ ሄድኩ፣
ሃያ ቅጠል ቆርቆሮ በአይሱዙ አስጫንኩ፣
ደርሼም ቦታዬን ፈለግኩ፣ ፈለግኩ።

ቦታው የለም።
ውሃ ነው።
ድፍን ውሃ፣ እስከ ሾላው፣ እስከዚያ መስመር ድረስ።
ከአራቱ ችካል ረጅሙ ተርፎ፣
አንድ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ጫፉ ላይ አርፎ።

አያ ልየው መጣ፣ ታንኳ እየቀዘፈ።
አልሸሸም፤ አላፈረም።
«ስምንቱ ወር ያንተ ነው፣ አራቱ የእሷ ነው፤
ለአያቴም፣ ለአባቴም፣ ያካፈለችው ይኸው ነው።
ስትሸሽ ትዘራለህ፣ ስትመጣ ትቆያለህ።
ቤት መቼ አልከኝ?
መሬት ነው ያልከኝ።»

ልከሰው አሰብኩ። ማን ሊመሰክርልኝ?
የባጃጁ ልጅ?
ዞር ስል የሻረግ፣ ቆርቆሮው ላይ ተቀምጣ፣
ሹራቧን ጀምራለች ከዘንቢሏ አውጥታ።
«እንግዲህ ሽምብራ ነው» አለች።
ሌላ አልተናገረችም።

ከሾላው ጀርባ፣ ከመስመሩ በላይ፣
ሃያው ቆርቆሮ አንዲት ክፍል ሆነ።
መብራት ገና አልገባም።
እኔ ግን በየወሩ፣ በሃያ አምስተኛው ቀን፣
የልየውን ታንኳ ተውሼ፣ እስክሪብቶ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣
በቢላ ቁጥር ወዳስጨረጥኩበት ችካል እቀዝፋለሁ።
ወፉ ይነሣልኛል፤ ለምዶኛል።
ጎንበስ እላለሁ።

የቀድሞ ንባብ፦ ሁለት ክንድ ከስንዝር።
የአሁን ንባብ፦ አንድ ክንድ፣ ጥቂት ፈሪ።
ልዩነት፦
ለሽምብራ የሚበቃ መሬት።