የዳማ ጭራ

አራተኛው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር፤
ክፍልፋይ ላስተምር፣ ግማሽን ከሩብ ልደምር።
ጠመኔዬን ይዤ ስደርስ ክፍሉ ባዶ፣
ሰባ አንዱም ተማሪ ወደ ሜዳ ወርዶ።
«ዛሬ የቅርስ ቀን ነው» ርዕሰ መምህሩ አሉኝ፣
«ሙዚቀኞች መጥተዋል» — በአንድ ፊርማ ቀሙኝ።
እኔም ተኮሳትሬ ቆምኩኝ ከዋርካው ሥር፣
የተወሰደብኝን ደቂቃ እየቆጠርኩ፣ እንደ ብድር።

የኮምቦልቻ ፀሐይ ቆርቆሮ ሲያፈላ፣
ከፋብሪካው ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ኋላ፣
አራት ሰዎች መጡ፦
ክራር ያዘለች አንዲት ቀጭን፣ ስሟ ሉባባ፣
ዋሽንቱን በካልሲ ጠቅልሎ አንዱ ሲገባ፣
ከበሮ ያነገተ፣ ላብ ያጠመቀው ጎረምሳ፣
እና ጋሽ እንድሪስ፣ ኮታቸው ክርኑ ላይ የሳሳ።

«አምባሰል ምንድን ነው?» ሉባባ ጠየቀች፤
«ተራራ!» አለች ዘምዘም፣ ጣቷን እየቀሰረች።
«ባቲስ?»
«ገበያ ነዋ! እናቴ ሰኞ በሌሊት ተነስታ
ፍየል ልትሸጥ የምትሄድበት፣ ጭነት መኪና ላይ ወጥታ።»
ልጆቹ ሳቁ። ሉባባ ግን ዝም፤
«ልክ ነሽ» አለቻት፣ «ግን ገበያ ብቻ አይደለም።»
ክራሯን ነካችው፤ አምስት ድምፅ ወረደ፣
አንዱ በሌላው ላይ እየተንጋደደ፣
የባቲ መንገድ ቁልቁል እንደሚለው፣
ጠምዘዝ፣ ቆም፣ ደግሞ ጠምዘዝ — ቆላው እስኪቀበለው።
«በሉ እናንተም ውረዱ፣ በጉሮሯችሁ» ስትል፣
ሰባ አንድ ጉሮሮ መንገድ ጀመረ፣ አንዱ ሲወድቅ አንዱ ሲከተል።

እኔ አልዘፈንኩም። የሒሳብ መምህር ነኝ።
ግን አምስትን መቁጠር ማን ይከለክለኝ?
ከአምስቱ ሁለቱን ትንሽ ዝቅ ሲያደርጉት፣
አገሩ ሌላ ሆነ፤ አምባሰል አሉት።
ይህን ክፍልፋይ ማን ቀመረው፣ ያለ ጠመኔ፣ ያለ ሰሌዳ?
እያልኩ፣ ከጥላው ወጥቼ ኖሯል፤ እግሬ ሜዳ።

ከዚያ ጋሽ እንድሪስ ተራቸውን ጀመሩ፤
ልጆቹን በግጥም አንድ ባንድ ጠሩ፣
የዘምዘምን ጥርስ፣ የአበጋዝን ጉንጭ፣
በስሱ አለፍ ብለው፣ የርዕሰ መምህሩን ቦርጭ።
ሳቁ ሲነሳ፣ ቀስቱ ሲፈጥን —
ጥ!
የመሰንቆው ክር በድንገት ተበጠሰ፣
ጭራው እንደ ሽማግሌ ጢም ቁልቁል ፈሰሰ።

ትርፍ የለም።
ኪሳቸውን ዳብሰው «በቃ» ሊሉ ሲሉ፣
ፈንታው ብድግ አለ።
ፈንታው፣ የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው፣
የማባዣ ሠንጠረዥ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጠው፣
«ከምንድን ነው የሚሠራው?» ብሎ ጮኾ ጠየቀ፤
«ከፈረስ ጭራ» ሲሉት በበሩ ሾልኮ ራቀ።

ውጭ የአባቱ ጋሪ ሲሚንቶ አራግፎ ቆሟል፣
ዳማው አንድ እግሩን አሳርፎ፣ ዝንብ ይከላከላል።
«ወንድ ይሁን! የባዝራውን ሽንቷ ያበላሸዋል» ብለው ጋሽ እንድሪስ ሲያስታውሱ፣
ርዕሰ መምህሩ አንገታቸውን ደፉ፤
ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

ፈንታው ዳማን ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለው፣
ጭራውን አንድ ባንድ እያባበለ ነቀለው።
ጮክ ብሎ ቆጠረ፤ አንድም አልዘለለ፣
በእኔ ክፍል ከሃያ በላይ «አላውቅም» እያለ።
አርባ።
እኔም ቆጥሬአለሁ፣ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ፣
እንደ ልጅ በጣቴ፣ ጠመኔዬን ጥዬ።

ጋሽ እንድሪስ ገመዱት፣ ወጠሩት፣ ሙጫ ቀቡት፣
ዘምዘም ጫፉን ያዘች፣ ሌሎቹ ከበቡት።
ሲመቱት ሻከረ። አቧራ አቧራ አለ፣
ገና መንገዱን ያልረሳ፣ ጋሪ ያልጣለ።
ከአጥሩ ማዶ ዳማ ጆሮውን አቆመ፤
አሽካካ የሚሉ አሉ። እኔ ግን አልሰማሁም፣
ስዘፍን ነበር።

አሁን ጋሪው በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፍ፣ ጭራው ሳስቶ፣
«አምባሰል!» ይሉታል ልጆቹ፣ የድሮ ስሙ ተረስቶ።
ርዕሰ መምህሩ፣ «የማካካሻ ክፍለ ጊዜ መቼ ይሁንልህ?» ይሉኛል።
አርባ ደቂቃ ነበር የወሰዱብኝ።
አርባ።
ቆይ፣ ላስብበት እላለሁ፤
መዝገቡን ዘግቼ እሄዳለሁ።