ላ በመስኮት በኩል

ከልብስ ሰፊው በላይ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ፣
ጉም ሳያንኳኳ ገብቶ ደገፍ ብሏል ከትራሴ።
ጊታሬ ስድስት ክር አለው፤ ስድስተኛው ልጥፍ፣
የብስክሌት ፍሬን ሽቦ፣ ሲነኩት የሚያኮርፍ።
ሁለት ወሬ፣
አንድ ነገር ፍለጋ፦ ኮርድ ለአንቺሆዬ።

አምስት ድምፅ ብቻ ናት። አምስቱም አመለኛ፦
ዶ እና ሬ ቤሞል ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣
ፋ እና ሶል ቤሞል እንደዚያው፣
ላ ለብቻዋ።

ጋሽ ይመር ሰምተው ሳቁ፤ መሰንቋቸውን እየወለወሉ፦
«የኔ አንድ ክር ነው ልጄ፤ ከማን ተስማማ ልበለው?
አንቺሆዬ ብቻዋን ሂያጅ ናት፤ አጃቢ ምን ሊላት ነው?
ከሞከርክም ሞክር፣
ለጆሮህ እንጂ ለመጽሐፍህ አትመስክር።»

መጽሐፌ ሽፋን የለውም።
«አንዱን ያዝ፣ አንዱን ዝለል፣ አንዱን ያዝ» ይላል።
ለሰባት ድምፅ የተሰፋ ኮት ነው፤
አምስት ሲለብሱት እጅጌው ይተርፋል።
ዶ፣ ፋ፣ ላ አልኩ፤ ደህና፣ የሰርግ ቤት ሳቅ።
ሬ ቤሞል፣ ሶል ቤሞል፣ ዶ፤ በር ጣት ላይ ሲዘጋ።
ፋ፣ ላ፣ ሬ ቤሞል፤ ሽቅብ የሚሄድ ደረጃ፣
ፎቅ የሌለው።
ከታች ዘይኑ ጣራውን በሜትር እንጨት ደበደበ፦
«ወይ አስተካክለው፣ ወይ ሽጠው!»

ማክሰኞ ከኮምቦልቻ ስመለስ፣
የሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ አምስት ሰው፣ እኔ ደግሞ ፊት ለፊታቸው
ጎማ ላይ ተቀምጬ።
ሁለት እህትማማቾች በአንድ ነጠላ ተጠቅልለው፣
ሁለት የማር ነጋዴዎች በአንድ ሂሳብ ተጨቃጭቀው፣
በመስኮቱ በኩል ግን
የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽርጧን ያልፈታች፣
ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ መስታወቱ ላይ የተኛች።

ሀረጎን ስንወጣ፣ መንገዱ ሲጠመዘዝ፣
ታላቅ እህት ወደ አንዱ ነጋዴ ዘመም፤
ሲመለስ፣ ታናሿ ወደ ሌላው ዘመም።
ጎረቤት ከጎረቤቱ ተላቀቀ፣
ከሩቁ ጋር ተጨባበጠ፣ ይቅርታ ተጠያየቀ።
ባለ መስኮቷ ግን በሁለቱም ጥምዝ
እዚያው ናት። አልነቃችም።
«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ፤
መውረጃዬ አልነበረም።

የቀረውን በእግሬ ወጣሁ፤ በሩን ሳልዘጋ ጊታሬን አነሳሁ።
አመልካች ጣቴን እንደ ወራጅ አጋድሜ አንደኛው ፍሬት ላይ፦
ዶ፣ ፋ፣ ላ።
አንድ እርምጃ ገፋሁት፦
ሬ ቤሞል፣ ሶል ቤሞል፣ ላ።
ክሩ ሁሉ አንድ አንድ ሲራመድ
ሦስተኛው ክር ላይ ላ
ካለችበት አልተነቃነቀችም። እንቅልፏን ለጥጣለች።
ሳቁ ወደ ሐዘን ተሻገረ፣ ሐዘኑ ወደ ሳቅ፣
በአንዲት የተኛች ልጅ ላይ፣ ስሟን እንኳ በማላውቅ።

የዘይኑ መኪና ቆመች። ሜትሩ አልመጣም።

ማታ ለጋሽ ይመር ወሰድኩላቸው። መሰንቋቸው ገባበት፦
የሳቸው ላ ከኔ ላ ትንሽ ዝቅ ትላለች፤
የኔ ብረት ላይ ነው የቆመችው፣ የሳቸው ሥጋ ላይ።
ትንሽ ተነካከሱ። አላስታረቅናቸውም።
ስለ ሀረጎ ነገርኳቸው፣ ስለ እህትማማቾቹ፣ ስለ ሽርጧ።
ዝም አሉ። ደጋናቸውን ሙጫ አስነኩ፦
«ሁለተኛው ላይ ቆየት በል» አሉኝ፤
«አትሩጥ።
ሀረጎ ላይ ማን ይሮጣል?»