ሞክሼ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል ባገሬ፤
እዚህ ትሪየስተ ግን መልአኩ እኔ ነኝ፣
በጆሮ ማዳመጫ ታፍኜ፣ በሰዓት ተቀጥሬ።

ከወደቡ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ቦራ የሚሉት ነፋስ መዝጊያውን ሲጠልዘው፣
ሺህ ሁለት መቶ ድምፅ ከዳሪዮ መጥቷል
ቁጥር ብቻ ለብሶ፣ አብዛኛው ስም ሳይዘው።
ስም አለኝ የሚለውም ስሙ ጉድ ነው፦
«ነፋስ»፣ «ነፋስ አዲሱ»፣ «ነፋስ የመጨረሻ»፣
«ነፋስ የመጨረሻ፣ እውነተኛው»፤
ለዳሪዮ መጨረሻ ማለት መነሻ።

አለቃዬ ኦርኔላ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
«በፈለግከው ቋንቋ ሰይም» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን፣
«ብቻ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስትጠራው አቤት ይበል።»

ሰየምኩ። ባማርኛ።
«ዝናብ፣ ቆርቆሮ ላይ»። «ዝናብ፣ ሬንጅ ላይ»።
«ኮቴ፣ የቸኮለ»። «ኮቴ፣ ሐሳቡን የለወጠ»።
«በር፣ የተኳረፈ»።
ማንም ያልጠየቀውን የመብራት ሠራተኛውን ሳል እንኳ
ሜዳ ላይ አልጣልኩትም፤
«ሳል፣ የእንግዳ» ብዬ መዘገብኩት።

ነገ ጠዋት ፊልሙ ሉብሊያና ይሄዳል፣ ለድምፅ ቅልቅል።
ዛሬ ማታ ኦርኔላ አንድ ነገር ጎደለኝ አለች፦
የወይዘሮ ኔሬያ ወጥ ቤት ጸጥታ።
ሁሉም ትንፋሹን ውጦ የቆመበት ሠላሳ ሰከንድ።
ላላወቀው ባዶ ነው፤
በሁለት ቃል መሐል እሱ ከሌለ ግን
ቃሉ ገደል ይገባል፣ ጆሮም ተከትሎት።
ወጥ ቤቱ ደግሞ የለም። ግድግዳው ፈርሶ
ለበጋ እንግዳ የሚከራይ አልጋ ተዘርግቶበታል።
ተመልሶ የሚቀዳ ዝምታ የለም።

ጸጥታ ብዬ ጻፍኩ። አንድ ብቻ መጣ፤
ቁልቁለቱ ላይ ያለችው የጸሎት ቤት ጸጥታ።
ዳሪዮ ጋ ደወልኩ። «ልኬልሃለሁ» አለ፣ ዘጋው።
ደግሜ ጻፍኩ። ያቺው ጸሎት ቤት።

አባቴ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር፣
እርሳሱ ቀይ፣ ምላሱ ከርሳሱ የቀላ።
«ፀሐይ»ን በጸሎቱ ጸ ጽፌ የተገኘሁ ለት
«ሞክሼ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም» አለኝ፤
«ሁለት ስንዱ አንድ ክፍል ቢማሩ
አንዷ ስትቀር፣ ሌላዋ አቤት ትልላታለች?»
እኔም መለስኩ፦ ድምፃቸው አንድ ነው፣ ጆሮ አይለያቸውም።
ለዚያ ይሆናል ኋላ በጆሮዬ ለማደር የቆረጥኩት።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት።
ጸሎቱን ጸ አጠፋሁት። ፀሐዩን ፀ ጻፍኩ።

አቤት አለ።

«ፀጥታ፣ ከሰዓት በኋላ»።
የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ። ሩቅ የጀልባ ሞተር።
የዳሪዮ ጉልበት ቋ ሲል።
መቼ ነው እንዲህ የጻፍኩት? የካቲት ይሆናል፣ እያንቀላፋሁ።
ምስሉ ላይ፣ በሰማያዊው የጠረጴዛ ላስቲክ፣
አንድ ቁራጭ ብርሃን ተጋድሞ ነበር፤
እጄ ያንን አይቶ ነው? ወይስ ተሳስቶ ብቻ?
የቱ ጸ ትክክል እንደሆነ አባቴ ያውቅ ነበር።
እኔ አሁን የምጠይቀው የለኝም።

የሉብሊያናው ማሽን ግን የኔን ፊደል አያውቅም፤
ስሞቼ ሁሉ እዚያ ባዶ ሣጥን ሆነው ተደርድረዋል።
ኦርኔላ አየች፣ ሳቀች፣ «በል በላቲን ገልብጣቸው» አለች።
እስኪነጋ ገለበጥኩ፦ ዝናቡን፣ በሩን፣ እንግዳውን ሳል።

መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጸጥታዎች ቀሩ።
የጸሎት ቤቱን ጻፍኩ። የወጥ ቤቱን ጻፍኩ።
በላቲን ጸሎትም ፀሐይም የለም፤
ማሽኑ ጠየቀኝ፦
«በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ። ይተካ?»

ነፋሱ ለአፍታ መዝጊያውን ለቀቀው።

«አይ» የሚለውን ተጫንኩ፣
ሁለት ጊዜ።